ተዳፋት ግቢ ደሴ ላይ፦ ክረምት ውሃ ያቁራል፣ ኅዳር ውርጭ ይመታል፤ ዓመቱን ሙሉ ምን ይተከል?

የጓሮዋ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ግቢያችን ወደ ጦሳ ተራራ ጠጋ ያለ ሰፈር ነው። ከቤቱ ጀርባ 8 በ6 ሜትር ባዶ ቦታ አለ። 8 ሜትሩ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ይወርዳል፤ ልዩነቱ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በታችኛው ጫፍና በደቡብ በኩል 2 ሜትር ከፍታ ያለው የብሎኬት አጥር አለ። አፈሩ መረሬ (ጥቁር፣ የሚጣበቅ ጭቃ አፈር) ነው። ሐምሌና ነሐሴ የታችኛው ጥግ ውሃ ያቁርና ጎመኑ ቢጫ ይሆናል። ኅዳር ላይ ደግሞ እዚያው ጥግ ያለው ቲማቲምና ቃሪያ በአንድ ሌሊት ይጠቁራል፤ ላይኛው ደህና ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ 2,000 ሊትር ሮቶ አለን። ለምግብ የሚሆን አትክልት፣ ሁለት የፖም ዛፍና ጥቂት ጽጌረዳ እፈልጋለሁ። ሰዎች አሸዋና ቀይ አፈር አስመጥተሽ ጥጉን ሙዪው ይሉኛል። ልሙላው?

ጦሳ ግርጌ፦
አትሙዪው። የብሎኬት አጥር አፈር ለመደገፍ አልተሠራም፤ ሞልተሽበት ክረምት ላይ ውሃ ሲጠግብ ይገፋውና ይሰነጠቃል። አሸዋ መረሬ ላይ በጥቂቱ ሲጨመር ደግሞ ይብስ ያጠጥረዋል።

ሁለቱም ችግርሽ ከአንድ ቦታ ነው የመጣው። ውሃውም ቀዝቃዛው አየርም ቁልቁል ይወርዳሉ፣ አጥሩ ያግዳቸዋል፣ እዚያው ይተኛሉ። ስለዚህ መጀመሪያ መውጫ ስጪያቸው። ከአጥሩ የታችኛው ረድፍ ሦስት ቦታ ላይ አንዳንድ ብሎኬት ይውጣ፤ ከዓምድ ራቅ ብሎ፣ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ብሎኬቶች አብረው ሳይወጡ። አይጥ እንዳይገባ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ የሽቦ ወንፊት ይለበድበት። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤት ካለ ግን ቀድሞ መነጋገር ግድ ነው፤ ውሃሽን ሰው ግቢ ለቀሽ ሰላም አይኖርሽም። እሱ ካልሆነ በአጥሩ ውስጥ በኩል፣ ከመሠረቱ 60 ሳንቲ ርቆ ቦይ ተቆፍሮ ወደ መንገዱ ዲች ይወሰድ። ውርጩን ቀዳዳው ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያስቀረውም።

ቀጥሎ ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ መቀልበስ። በላይኛው ጠርዝ ላይ 30 ሳንቲ ስፋት፣ 30 ሳንቲ ጥልቀት ያለው ቦይ፣ በየ1 ሜትሩ 1 ሳንቲ ብቻ እየወረደ። ሲባጎ ወጥሮ በውሃ ልክ መለካት እንጂ በዓይን መገመት አያዋጣም። ከዚህ በላይ ካዘነበለ ውሃው ቦዩን ይሸረሽራል፣ ከዚህ ካነሰ ደለል ይሞላዋል። ወለሉ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፍ። ሥራው ከሰኔ በፊት ይለቅ፤ መረሬ አንዴ ከረጠበ አካፋ ላይ ተጣብቆ አይሠራም።

ከዚያ መደቦቹ። ተዳፋቱን አቋርጠው ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሂዱ፤ አራት መደብ፣ እያንዳንዱ 1 ሜትር በ5 ሜትር፣ በመካከላቸው 50 ሳንቲ መተላለፊያ። 20 ካሬ ሜትር ማለት ነው። በክረምት 25 ሳንቲ ከፍ ያሉ ይሁኑ። መስከረም ሲያልቅ ጠርዛቸው ከፍ፣ መሐላቸው ዝቅ ይበል፣ በበጋ የሚጠጡትን ውሃ እንዲይዙ። በ1 ካሬ ሜትር 4 ኪሎ የበሰለ ብስባሽ በዓመት ሁለት ጊዜ ይግባ። ትኩስ የዶሮ ኩስ ሥር ያቃጥላል፤ ሁለት ሦስት ወር ይክረም። አፈሩን በመዳፍሽ ጨብጠሽ ስትነኪው ከተፈረፈረ መቆፈር ይቻላል፤ እንደ ሊጥ ከተያያዘ ተይው።

በደቡብ አጥር በኩል 1 ሜትር ልቀቂ። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል 2 ሜትር አጥር በእኩለ ቀን 1.4 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። የመደቡ ደቡባዊ ጫፍ በጥላው ስለሚያዝ እዚያ ሰላጣና ቆስጣ ይሁን። ፖሞቹ ከላይ በምዕራብ ይሁኑ። ከሰዓት በኋላ ጥላቸው መደብ ላይ ማረፉ አይቀርም፤ ግን ያንን ብርሃን ጦሳ ራሱ ቀድሞ ይወስደዋል።

ዘር ቆጣሪ፦
ጦሳ ግርጌ ያሉት ቦታውን ጨርሰውታል፤ እኔ ስለ ወራቱ ልጨምር።

ቲማቲም ደሴ ላይ ዋናው ቁም ነገር በሁለት ጠላት መሐል ማስገባት ነው፤ ከበጋው ውርጭ በኋላ፣ ከሐምሌ ምች (በዝናብ ጊዜ ቅጠሉን የሚያጠቁረው በሽታ) በፊት። ጥር አጋማሽ ላይ ዘሩን ቤት ውስጥ፣ ፀሐይ በሚያገኝ መስኮት ሥር ዝሪ። ስድስት ሳምንት ቆይቶ የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት መጀመሪያ ላይ ይዛወር፣ በተክሎች መካከል 40 ሳንቲ። ደሴ ቀዝቃዛ ስለሆነች ፍሬው ለመቅላት ከተዛወረ በኋላ ሦስት ወር ከምናምን ይወስድበታል፤ ሰኔ ላይ ትለቅሚያለሽ። በመጋቢት መጨረሻ ያዛወርሽው ግን ገና አረንጓዴ እያለ ዝናቡ ይደርስበታል። የታችኛውን ቅጠል ከመሬት እስከ 30 ሳንቲ ቁረጪ፣ ውሃም ሥሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አይፈስስ። ምች በእርጥብ ቅጠል ነው የሚገባው፣ ከገባ በኋላ ደግሞ መመለሻ የለውም።

ድንችም በበልጉ የካቲት ይገባል፤ በመስመር መካከል 75፣ በዘር መካከል 30 ሳንቲ። ጉደኔ ወይም በለጠ የሚባለው ዝርያ ከተገኘ ምችን ከሌላው ይሻላል። ሁለት ጊዜ አፈር ይታቀፍ። ድንችና ቲማቲም በሽታ ስለሚጋሩ በአንድ መደብ ተከታትለው አይተከሉ፤ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይለፍ።

ክረምት የጎመን ጊዜ ነው። የአበሻ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ባሮ ሽንኩርት፣ ሁሉም ከፍ ባለው መደብ ላይ። ቢጫ የሆነው ጎመንሽ ሥሩ አየር አጥቶ ስለነበር ማዳበሪያ ብትጨምሪለትም አይድንም ነበር።

መስከረም ላይ መሬቱ ገና እርጥብ ሳለ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ቆስጣ ይዘሩ። ካሮት አይዛወርም፤ እዚያው በ20 ሳንቲ መስመር ተዘርቶ ጣት ሲያህል በ5 ሳንቲ ይሳሳል። እነዚህና ጎመን የደሴን ውርጭ ይችላሉ። ነጭ ሽንኩርትም ይችላል፤ መረሬ ላይ ግን በሰኔ ከሚተከል ጥቅምት መግቢያ ላይ ቢሆን ይሻላል፣ ክረምቱን ሥሩ ይበሰብሳል። ቃሪያ በኅዳር ሜዳ ላይ አይሞከርም። በባልዲ ወይም በቆርቆሮ ይተከልና ማታ ማታ ከቤት ይግባ።

ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ የሌለበት ማታ ውርጭ ይጠበቃል። ቀን ላይ ውሃ ጠጥቶ የዋለ አፈር ሌሊት ሙቀት ይሰጣል፤ ደረቅ አፈር አይሰጥም። ማታ በጆንያ ይሸፈን፣ ጆንያው ቅጠሉን እንዳይነካ በእንጨት ይደገፍ፣ ጠዋት ይነሳ። ላስቲክ ቅጠል ከነካ የነካው ቦታ ይቃጠላል። አመድ መርጨትም አትርሺ፣ ለድንች ጥሩ ነው።

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)፦
አመዱ ላይ አልስማማም። አመድ አፈሩን ወደ ኖራነት ይወስደዋል፤ ድንች እንዲህ ያለ አፈር ላይ ልጡ ቅርፊት ያወጣል። ለጎመንና ለነጭ ሽንኩርት በካሬ ሜትር አንድ እፍኝ፣ በዓመት አንዴ፣ ያውም ባሕር ዛፍ ወይም ግራር የነደደበት እንጂ ላስቲክ የተቃጠለበት አይሁን።

ውሃውን ደግሞ እናስላው። በበጋ አንድ ካሬ ሜትር በቀን 4 ሊትር ገደማ ይጠጣል። 20 ካሬ ሜትር 80 ሊትር፣ አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ሮቶሽ በ25 ቀን ያልቃል። ስለዚህ ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ሁለት መደብ ብቻ ይሥራ፤ ያኔ 50 ቀን ይደርሳል፣ 5 ሳንቲ ገለባ ከተነሰነሰበት ከዚያም ያልፋል። ሌሎቹ ሁለቱ ባቄላ ይዘራባቸው፣ መስከረም ላይ በቀረው እርጥበት ይበቅላል፣ ሥሩም አፈሩን ያለመልመዋል። ቆርቆሮ ጣራ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በካሬ ሜትር 1 ሊትር ነው፤ 40 ካሬ ሜትር ጣራ በአንድ ደህና የ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ የሚባክነው ተቀንሶ፣ 300 ሊትር ይሰጣል። የበጋ አቧራ ያጠበው የመጀመሪያው ውሃ ወደ ሮቶው አይግባ። የዕቃ ማጠቢያ ውሃ ለፖምና ለጽጌረዳ ሥር ይሆናል፤ በረኪና የገባበት ግን ይደፋ።

ሌላው፣ ከኛ ዘንድ ችግኝ ገዝታችሁ የምትወጡ ሰዎች ተጠንቀቁ። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ 4 ዲግሪ ገደማ ትሞቃለች። እኛ ቲማቲም በመስኖ በበጋ እናመርታለን፤ ያንን አቆጣጠር ደሴ አትውሰዱት። ችግኙንም ከመትከላችሁ በፊት ሳምንት አሥር ቀን ቀን ውጭ፣ ሌሊት በረንዳ ላይ አለማምዱት። ማንጎ ደሴ ላይ ይቅር።

የጓሮዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጥጉን አልሞላም። ፖሙና ጽጌረዳው መቼ ይገረዛል? ፖም አንድ ብቻ ብተክልስ?

ጦሳ ግርጌ፦
አንድ ብቻውን ፍሬው ይሳሳል። አና እና ዶርሴት ጎልደን የሚባሉት ብዙ ብርድ የማይጠይቁ፣ አብረው የሚያብቡ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ያዳቅላል። በመካከላቸው 2.5 ሜትር። ችግኙ ከሌላ ሥር ጋር የተጋጠመበት ቋጠሮ ከአፈር 10 ሳንቲ ከፍ ይበል፤ ከተቀበረ የላይኛው ራሱ ሥር ያወጣና ዛፉ ያለመጠን ይገዝፋል። የሚገረዘው ታኅሣሥ መጨረሻ ወይም ጥር ላይ ነው። ደሴ ላይ ቅጠሉ በራሱ ሙሉ በሙሉ ስለማይረግፍ ከግርዘቱ በፊት በእጅ ይመልመል፤ ካልሆነ አበባው በየወሩ እየተቆራረጠ ይመጣል።

ጽጌረዳ ሁለቴ ነው፤ ጥር ላይ ጠለቅ አድርጎ ከመሬት 40 ሳንቲ፣ ሰኔ መግቢያ ላይ መሐሉን ብቻ ሳሳ አድርጎ፣ ነፋስ እንዲያልፍ። በክረምት ጥቁር ነጠብጣብ የያዘው ቅጠል ከሥሩ ተለቅሞ ይቃጠል እንጂ ብስባሹ ውስጥ አይግባ። ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ሲወጣበት 1 ሊትር ውሃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ማታ ላይ፣ ከቅጠሉ ሥር በኩል መርጨት ይበቃል።