የኮሮላዬ መሪ ባዶውን ይዞራል፤ ከየት ልጀምር?

የኮዬው ሹፌር፦

ሰላም የመኪና ሰዎች። የ98 ሞዴል ኮሮላ አለችኝ። ቤቴ ኮዬ ፈጬ፣ ሥራዬ ቃሊቲ ነው። ጠዋት ጠዋት በኮብልስቶኑ እየነጠርኩ ወጥቼ ነው አስፋልት የምይዘው። ከሁለት ወር ወዲህ መሪው ላልቷል። ትንሽ ሳዞረው ጎማው አይሰማም። ሞተሩን አስነስቼ በልጄ ማስመሪያ ለካሁት፤ 5 ሴንቲ ሙሉ ባዶውን ይሄዳል።

ባለፈው እሁድ ወደ አዳማ ስንወርድ ፈጣን መንገዱ ላይ ከ80 ማለፍ ፈራሁ። የጭነት መኪና በጎኔ ባለፈ ቁጥር መሪውን እንደ ሊጥ አሻለሁ። ሚስቴ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ግን ከቱሉ ዲምቱ ጀምሮ የበሩን እጀታ አልለቀቀችም።

አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ መሪውን አንዴ ወዝወዝ አደረገና «የመሪ ሳጥኑ አልቋል፣ ሙሉው ይቀየራል» አለኝ። ጎንበስ ብሎ ከስር እንኳ አላየም። ዋጋውን ስሰማ መኪናዋን እዚያው ትቼለት ልሄድ ነበር። እውነት ሳጥኑ ነው?

የሱሉልታዋ፦

መጀመሪያ ጎማህን አስለካ። የእኔ ቪትዝ እንጦጦን ስትወርድ ወዲያ ወዲህ ስትልብኝ መሪ ነው ብዬ ስንቱን መካኒክ አስቸገርኩ። ለካ የፊት ግራ ጎማ ነፋሱ ጎድሏል። ልኩ በሹፌሩ በር በኩል ተለጥፎልሃል።

ፈጣኑ፦

አላይመንት አሠራ፣ አለቀ።

ጋሽ ቁልፍ 17፦

ፈጣኑ፣ ኧረ ቀስ! አላይመንት የጎማ አቅጣጫ ያስተካክላል እንጂ የላላ አያጠብቅም። እንዲያውም በላላ መኪና ላይ ከተሠራ ብሩን መጣል ነው። የሱሉልታዋ፣ ጎማ ማስለካቱ ጥሩ ነው። ያንቺ ግን መኪናው ነበር የሚንሳፈፈው፤ የእሱ መሪው ራሱ ነው ባዶ የሚሄደው።

ልጄ፣ ቶዮታ እስከ 30 ሚሊ ሜትር ይታገሣል። 50 ከደረሰ የሆነ ቦታ ላልቷል። ሳጥኑን ግን መጨረሻ ላይ ጠርጥር። ሰበታ መንገድ ላይ ዕድሜዬን ስሠራ፣ «ሳጥን ነው» ተብለው ከመጡልኝ ስንቶቹ በአንድ ቴስቲኒ፣ ከሳጥኑ የሚመጣው ዘንግ ከጎማው በሚገናኝበት ጫፍ፣ ተመልሰዋል መሰለህ።

ደልዳላ ቦታ አቁማት። ማርሹ ነፃ፣ የእጅ ፍሬን የተያዘ፣ ከኋላ ጎማ ስር ድንጋይ። ክሪክ አታድርግ፤ ክብደቱ ጎማው ላይ መሆን አለበት። ሞተሩ ይነሳ። ባለቤትህ ያችን 5 ሴንቲ ብቻ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ታድርግልህ። አንተ ከጎን ሆነህ እጅህን ብቻ አስገባ እንጂ ከስር እንዳትተኛ። ቴስቲኒውን ጨብጥ። ከላላ መዳፍህ ላይ ጠቅ ጠቅ ይላል። ቀጥሎ ከሳጥኑ ጫፍ ያለውን የላስቲክ ጃኬት ጨመቅ አድርገህ የውስጡን መጋጠሚያ ስማ። ሳጥኑ ራሱ ከነሰውነቱ ከተንቀሳቀሰ የታሰረበት ላስቲክ ሞቷል ማለት ነው።

ከዚያ ሞተሩን አጥፍተህ በክሪክ አንሳት፣ መደገፊያም አስገባ። ጎማውን ግራና ቀኙን ይዘህ ስትወዘውዘው ከተንቀሳቀሰ፣ ቴስቲኒ ወይም የውስጡ መጋጠሚያ ነው። ላይና ታች ይዘኸው ከተንቀሳቀሰ ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ወይም ከታች የሚይዘው መጋጠሚያ፣ ቦል ጆይንት ነው። ያኔ ሰው ፍሬን ይርገጥልህ። እንቅስቃሴው ከጠፋ ኩሽኔታው ነው።

ሳጥኑ ላይ ያለችውን ማስተካከያ ብሎን እንዳትነካት። ከልክ በላይ ካጠበቅሃት መሪው ይከብድና ከዞርክ በኋላ አልመለስም ይልሃል። ያ ደግሞ ከላላው ይብሳል።

የኮዬው ሹፌር፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! የቀኙ ቴስቲኒ እንደሚነቃነቅ ጥርስ ነው የሆነው። ሶማሌ ተራ ሄጄ ገዛሁ። ሰፈር ያለው መካኒክ አሮጌውን ሲፈታ ስንት ዙር እንደዞረ ቆጥሮ፣ አዲሱን በዚያው ልክ ነው ያስገባው። ግን አሁንም 3 ሴንቲ ተኩል አለ።

ጋሽ ቁልፍ 17፦

ከፔዳሎቹ በላይ፣ የመሪው ዘንግ ወለሉን ሰርስሮ የሚወጣበት ጋ መጋጠሚያ አለ። ባትሪ አብራና እያት። ላይኛው ዘንግ እየዞረ ታችኛው ከዘገየ አገኘኸው።

የኮዬው ሹፌር፦

ጋሼ፣ የመጋጠሚያዋን ብሎን በጣቴ አዞርኳት! በጣቴ! አሁን ነው ትዝ ያለኝ። ከሦስት ወር በፊት መሪው ዘይት ሲያፈስ ሌላ ጋራዥ ሳጥኑን አውርዶ ነበር። ሲመልሱት ሳያጠብቋት ቀርተዋል። ከዚህች ጋር ነው አዳማ ደርሼ የመጣሁት። ጎረቤቴ በያጅ ነው፤ «አንድ ነጥብ ላስነካት፣ ዕድሜ ልክ አትላላም» ይለኛል።

ጋሽ ቁልፍ 17፦

መሪ አይበየድም! ጎረቤትህ በር ይበይድ። መጀመሪያ ምልክት አድርግ፤ ከዚያ ብሎኗን ፍታና መጋጠሚያውን አውጥተህ ጥርሶቹን እይ። ካልተበሉ፣ ምልክቱን አይተህ በዚያው ቦታ መልሰው። አዲስ ብሎን አስገባ፣ በዘንጉ ላይ ባለችው ጎድጓዳ ቦታ ማለፏን አረጋግጥ። ጥርሶቹ ከተበሉ መጋጠሚያው ይቀየር። እስከዚያ መኪናዋ ከግቢ አትውጣ።

የኮዬው ሹፌር፦

ጥርሶቹ ደህና ናቸው። ብሎኗ ተቀየረች። ማስመሪያው አሁን 1 ሴንቲ እንኳ አይሞላም ይላል። አላይመንት ቅዳሜ ነው፤ ፈጣኑ ደስ ይበልህ።

ጋሽ ቁልፍ 17፦

ከሳምንት በኋላ ያችን ብሎን በቁልፍ ደግመህ ሞክራት። ኮብልስቶን ነው የምትነዳው።