አስቸኳይ፦ የግሉ መሸኛ ከለከለኝ፣ የመንግሥቱ ምዝገባ ዓርብ ይዘጋል

የናቲ እናት
ሰላም ቤተሰብ፣ እባካችሁ የሚያውቅ ቶሎ ይመልስልኝ። ልጄ የሚማርበት የግል ትምህርት ቤት ወርሃዊ ክፍያውን ከ3,500 ወደ 5,800 ብር አደረገው። አልቻልኩም፣ ወደ መንግሥት ላዛውረው ነው። ሰፈራችን ያለው ትምህርት ቤት ብሄድ «መሸኛና የዓመቱን ካርድ አምጪ» አሉኝ። የግሉ ደግሞ አልሰጥም አለ። ዓርብ ምዝገባው ያበቃል። ምን ላድርግ? ደግሞ መንግሥት ለግሎቹም ድጎማ ይሰጣል ይባላል፤ ታዲያ ለምን ዝም ይላቸዋል? ምሳና ዩኒፎርሙስ ከግል ለመጣ ልጅ ይሰጣል?

ፒያሳ72
ስንተኛ ክፍል ነው? የቱ ክፍለ ከተማ ናችሁ? የከለከሉሽስ በምን ምክንያት ነው? ከሦስቱ አንዱን እንኳ ንገሪን እንጂ።

ሸገሩ
መሸኛ ማውጣት አለብሽ።

ፒያሳ72
ሸገሩ ወንድሜ፣ እሱን እኮ ነው ከለከሉኝ የምትለው።

ሒሳብ ሹሙ
እኔ ግን ጥያቄው ራሱ አልተዋጠልኝም። የምሠራው የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ከመንግሥት በጀት አንዲት ብር አትገባልንም። የመምህር ደመወዝ፣ ኪራይ፣ ጠመኔ ሳይቀር ከወላጅ ክፍያ ነው። ከተረፈን ደግሞ ግብር አለ። «ድጎማ» የሚሉት የትምህርት ክፍያ ላይ ቫት አለመኖሩን ከሆነ፣ እሱ የሚቀለው ለከፋዩ ነው። አከራያችን ሲጨምርብን እኛ ከየት እናምጣ?

ዳቦ ቆሎ
አከራዩም ልጁን የሚያስተምረው እናንተ ጋ ከሆነ ነገሩ መቼም አያልቅም 😂

ጋሼ ከአራት ኪሎ
ልጆች፣ ነገሩን ከሥሩ ካላያችሁት አይገባችሁም። ደርግ ሲመጣ የግል ትምህርት ቤቶች ተወረሱ። በኋላ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መጣና ባለሀብት እንዲገባ በሩ ተከፈተ፤ የመንግሥቱ ደግሞ እስከ 10ኛ ክፍል በነፃ ይሁን ተባለ። ገንዘቡም መንገድ አለው። ፌዴራል ለክልል ጥቅል በጀት ይሰጣል፣ ክልል ለወረዳ ያከፋፍላል፣ አብዛኛው በደመወዝ ያልቃል። አዲስ አበባ ግን በዋናነት በራሷ ገቢ ነው የምትተዳደር። ከዚያ ውጭ በተማሪ ቁጥር እየተባዛ ለትምህርት ቤቱ የሚመጣ ድጎማ አለ፤ ይኸኛው ለመጽሐፍ፣ ለጥገናና ለመሳሰለው እንጂ ለደመወዝ አይነካም። በጎደለው ወላጅ ይዋጣል። በ2015 የተጀመረው «ትምህርት ለትውልድ» ዘመቻም ያው ሕዝቡን ለጥገና ማስተባበር ነው። ስለዚህ «ነፃ» ሲባል...

ዳቦ ቆሎ
ጋሼ፣ ዓርብ ነው ያለችው!

የናቲ እናት
ይቅርታ፣ 5ኛ ክፍል ነው የሚገባው። የካ ነን። የሰኔን ክፍያ አልከፈልኩም፣ ምክንያታቸው እሱ ነው። ሰኔ እኮ ፈተና ተፈትነው አለቀ፣ ምን ተማረና ነው የምከፍለው?

ሒሳብ ሹሙ
ውሉ የ10 ወር ነው እህቴ። ሰኔ 10ኛው ነው።

ስቶክሆልም ያለሁት
እኛ ጋ ስዊድን የግሉም ትምህርት ቤት ወላጅን ማስከፈል አይችልም። ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማዘጋጃ ቤቱ ለእያንዳንዱ ልጅ የተመደበውን ገንዘብ ልጁ ለሚማርበት ትምህርት ቤት ይከፍላል፣ የመንግሥትም ይሁን የግል። አንዳንዱ ኩባንያ በዚሁ ገንዘብ አተረፈ ተብሎ ክርክሩ ግን እስከ ዛሬ አልበረደም።

ፒያሳ72
ናቲን በፖስታ እንላክልህ?

ሸገሩ
መሸኛው ላይ ማኅተም መኖሩን አረጋግጪ።

መምህርት ከጉለሌ
እህቴ፣ እኔ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። ነገ ጠዋት የምታደርጊውን ልንገርሽ።

መሸኛና ካርድ እንዲሰጥሽ አጭር ማመልከቻ ጻፊ። ለጸሐፊዋ በቃል አትንገሪ፤ መዝገብ ቤት ገቢ አድርጊና በኮፒው ላይ ቀንና ማኅተም አስደርጊበት። አንቀበልም ካሉሽ እሱንም ጻፊው። ኮፒውን ይዘሽ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂጂ። ምዝገባ ላይ ያለች መምህርት ያለ ወረቀት የመመዝገብ ሥልጣን የላትም፣ ከወረዳ ደብዳቤ ሲመጣ ግን ርዕሰ መምህሩ ወንበር ይፈልጋል። እኛ ጋ አምና ለሁለት ልጆች እንዲህ ተደርጎ፣ ካርዱ በኋላ እንዲመጣ ወላጅ ፈርሞ ገብተዋል። የልደት ሰርተፍኬቱንና የነዋሪነት መታወቂያሽን አትርሺ። ያለፉት ዓመታት ካርዶች እጅሽ ላይ ካሉ ኮፒ አድርጊያቸው፣ ክፍሉን ያሳያሉ።

የሰኔውን ግን ብትችዪ ግማሹንም ቢሆን ከፍለሽ ደረሰኝ ያዢ። ጭቅጭቁ ያጥራል።

ምሳውን በተመለከተ፣ ከተማ አስተዳደሩ ዩኒፎርምና ደብተር ማደል የጀመረው በ2012 ነው፤ ምገባውም እስከ 8ኛ ክፍል አለ። የሚታየው አሁን የት እንደተመዘገበ እንጂ ከየት እንደመጣ አይደለም። የዩኒፎርሙ ልክ ቀድሞ በመጣው ዝርዝር ስለሚሰፋ ዘግይቶ የገባ ልጅ ትንሽ ሊጠብቅ ይችላል። እኔ ክፍል አንዱ እስከ ጥቅምት ድረስ ጉልበቱ ላይ በቀረ ሱሪ ተመላልሷል።

አንድ ነገር ደግሞ። እስከ 6ኛ ክፍል ሒሳቡም ሳይንሱም በአማርኛ ነው፣ እንግሊዝኛ የሚሆነው ከ7ኛ ነው። ከግል የመጡት መጀመሪያ ላይ ይደናገራሉ። መጽሐፉን አሁኑኑ ከጎረቤት ልጅ ተዋሺና ያገላብጠው።

ፀሐይ መውጫ
ጭማሪውንስ ዝም ልትሉት ነው? ጭማሪ ከወላጅ ጋር ተመክሮበት ቃለ ጉባኤ መያዝ አለበት። እኛ ትምህርት ቤት አምና ስብሰባ ጠሩን፣ መግቢያው ላይ ስማችንን ጽፈን ፈረምን። ለመገኘታችን መስሎን ነበር። በኋላ ያው ወረቀት «ወላጆች ተስማምተዋል» ተብሎ ቀረበ። ወተመኅ (የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት) ካላችሁ ተወካዮቹን ያዙና ቃለ ጉባኤው ይነበብልን በሉ። ለከተማው የትምህርት ጥራት ባለሥልጣንም በጋራ ማመልከት ትችላላችሁ። አንድ ሰው ብቻውን ሲሄድ ግን «የአቅም ጉዳይ ነው» ብለው ይሸኙታል።

ሒሳብ ሹሙ
ሁሉም ትምህርት ቤት እንዲህ አያደርግም።

ፀሐይ መውጫ
ሁሉም አላልኩም። የኛው ነው ያልኩት።

የናቲ እናት
መምህርት እግዜር ይስጥሽ። ጠዋት ማመልከቻውን ይዤ እሄዳለሁ። ወረዳ በስንት ሰዓት ይከፍታሉ?

ዳቦ ቆሎ
በሩን በ2:30 ይከፍታሉ። ባለሙያው የሚገባበትን ሰዓት ጥበቃውን ጠይቂው።

የሁለት ልጆች አባት
እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ፣ ግን የኔዋ ኬጂ 2 ናት። የመንግሥት ቅድመ አንደኛ መሸኛ ይጠይቃል ወይስ የልደት ሰርተፍኬት ብቻ ይበቃል?

ሸገሩ
መሸኛ አውጣላት።