ለበገና ቀረጻ የሚሆን፣ ውጫዊ ማይክ የሚሰካበት መቅረጫ የቱ ይሻላል?

የደርዳሪው ልጅ፣ መጋቢት 6

ጤና ይስጥልኝ። ወላጅ አባቴ ደብረ ብርሃን የሚኖሩ በገና ደርዳሪ ናቸው። ዕድሜያቸው 78 ደርሷል፤ ጣቶቻቸው ሳይዝሉ የሚያውቁትን ሁሉ በጥሩ ጥራት ቀርጬ ለማስቀመጥ ወስኛለሁ። እስካሁን በስልኬ ሞክሬ ነበር፤ ውጤቱ ግን አሳዘነኝ። ስልኩ እንዚራው (ከአውታሩ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ) የሚፈጥረውን፣ እንደ ንብ እዝዝ የሚለውን ንዝረት እንደ ረብሻ ቆጥሮ ይቀንሰዋል፤ እሳቸው ትንፋሽ ለመሰብሰብ ዝም ሲሉ ደግሞ የክፍሉን ድምፅ ከፍ ያደርገዋል። አንዱን መዝሙር መልሼ ባዳመጥኩት ቁጥር አንድ ሰው ከጀርባ ሆኖ ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ይመስለኛል።

በእጄ ያለው ከወዳጅ የተዋስኩት አንድ ሹር ኤስኤም58 ማይክና ኬብሉ ብቻ ነው። በዚህ ሳምንት ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ስላለኝ መቅረጫውን በእሱ በኩል ለማስመጣት አስቤያለሁ። የማመነታባቸው ሦስት ናቸው፦ ዙም ኤች5፣ ዙም ኤፍ3 እና ታስካም ዲአር-40ኤክስ። ሦስቱም ሁለት ሁለት የኤክስ ኤል አር (ባለ ሦስት እግር የማይክ ኬብል) መግቢያ አላቸው፤ ሦስቱም ለኮንደንሰር ማይክ የሚያስፈልገውን 48 ቮልት ፋንተም (በማይኩ ኬብል በኩል የሚላክ ኤሌክትሪክ) ይሰጣሉ። ታዲያ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው? በተለይ 32 ቢት ፍሎት ስለሚባለው የአቀራረጽ ዓይነት የሚወራው ለእኔ ዓይነቱ ሥራ የሚጠቅም ነገር ነው ወይስ ገበያ ማሟሟቂያ? በሰፈራችን መብራት በየጊዜው እንደሚጠፋም ከግምት አስገቡልኝ።


ባለ ሚክሰሩ፣ መጋቢት 6

ለአባትዎ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ጥያቄዎን ከመቅረጫው ሳይሆን ከማይኩ መጀመር ይሻላል፤ የመቅረጫዎቹ ልዩነት የሚታየው ማይኩ በሚልከው ጉልበት ልክ ነውና። ኤስኤም58 ዘፋኝ ከንፈሩን አስጠግቶ እንዲዘፍንበት የተሠራ ዳይናሚክ ማይክ ነው። 94 ዴሲቤል የሚደርስ ብርቱ ድምፅ ፊቱ ቢቀርብ እንኳ የሚያመነጨው 1.85 ሚሊቮልት ብቻ ነው። በገና ደግሞ በተፈጥሮው ለጸሎት የሚደረደር ዝግ ያለ መሣሪያ ስለሆነ ማይኩ የሚልከው ከዚያ እጅግ ያነሰ ይሆናል። ይህን ደካማ ምልክት ፕሪአምፕ የሚባለው የመቅረጫው ክፍል ማጉላት አለበት፤ ሲያጎላ ደግሞ የራሱንም ሽሽ የሚል ድምፅ አብሮ ያጎላዋል።

ይህ የፕሪአምፑ ሽሽታ በዕቃው መግለጫ ላይ ዲቢዩ በሚባል መለኪያ ይጻፋል፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች በራቀ መጠን መቅረጫው ጸጥተኛ ነው ማለት ነው። ለኤች5 የተሰጠው ከዜሮ በታች 120፣ ለኤፍ3 ደግሞ ከዜሮ በታች 127 ነው። ቁጥሩ ብቻውን ምንም ላይነግርዎ ስለሚችል ወደ ክፍል ድምፅ ለውጬ አስልቼዋለሁ። ኤስኤም58 ኤች5 ላይ ሲሰካ ሽሽታው በክፍሉ ውስጥ 26 ዴሲቤል ያህል የማያቋርጥ ነፋስ እንዳለ ሆኖ ይሰማል፤ ኤፍ3 ላይ ወደ 19 ይወርዳል። የበገና አውታር ከተመታ በኋላ ድምፁ ቀስ እያለ የሚጠፋበት ጊዜ አለ፤ ሽሽታው የሚውጠውም ያንን ጅራቱን ነው። ስለዚህ በያዙት ማይክ የሚቀጥሉ ከሆነ ምክሬ ኤፍ3 ነው።

32 ቢት ፍሎትን በሚመለከት፣ ከሦስቱ በእሱ የሚቀርጸው ኤፍ3 ነው፤ ጭራሹን የጌይን (የሚገባውን ድምፅ የማጉያ መጠን) ቁልፍ የለውም። በተለመደው 24 ቢት ሲቀረጽ ጌይኑ በዝቶ ድምፁ ጣሪያውን ከነካ የተቆረጠው አናት ተመልሶ አይገኝም፤ በፍሎት ግን ኮምፒውተር ላይ ዝቅ ሲያደርጉት ሙሉ ሆኖ ይመለሳል። ማይኩ ራሱ ከአቅሙ በላይ ተጩሆበት ከተበላሸ ግን ፍሎት አያድነውም። ማህሌት ሲቆም፣ ከለሆሳስ ዜማ ተነሥቶ ከበሮውና ጸናጽሉ ሲደምቅ ለሚቀርጽ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።


ሜዳ ቀራጭ፣ መጋቢት 7

ባለ ሚክሰሩ የሠሩት ሒሳብ ትክክል ነው፤ በመደምደሚያቸው ግን አልስማማም። ያንኑ ሒሳብ ማይኩን ለውጠን እንሥራው። ሮድ ኤንቲ1-ኤ የተባለው ኮንደንሰር ማይክ ለተመሳሳይ ድምፅ 25 ሚሊቮልት ያመነጫል፤ ይህም ከኤስኤም58 ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። የራሱ ሽሽታ 5 ዴሲቤል ብቻ ነው። እሱን ያው ኤች5 ላይ ብንሰካው የፕሪአምፑ ሽሽታ ከ26 ወደ 4 ዴሲቤል አካባቢ ይወርዳል። ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ቤት፣ ውሻና ዶሮ ባለበት ግቢ፣ ከዚህ በታች ጸጥ ያለ ክፍል ከየት ይመጣል? እንግዲህ ከኤች5 ወደ ኤፍ3 በመሸጋገር የሚያገኙት 7 ዴሲቤል ነው፤ ማይኩን በመለወጥ የሚያገኙት ግን 22 ነው። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ማይኩ ላይ ያውሉት።

ኤፍ3 የራሱ ማይክ የሌለው ዕቃ መሆኑንም ልብ ይበሉ። አባትዎ ምሳ በልተው በድንገት አንድ ታሪክ ቢጀምሩ፣ ኬብልና ስታንድ እስኪዘጋጅ ታሪኩ ያልቃል። ኤች5ም ሆነ ዲአር-40ኤክስ በዚያች ቅጽበት በአናታቸው ላይ ባሉት ማይኮች ሥራ ይጀምራሉ። ዲአር-40ኤክስ ደግሞ ከዋናው ቅጂ ጎን ጌይኑ ዝቅ ያለ መጠባበቂያ ቅጂ ይይዛል፤ ስለዚህ አንድ ደርዳሪ ለተቀመጠበት ቀረጻ የፍሎትን ሥራ አብዛኛውን ይሸፍንልዎታል። በገና ከበሮ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ለክተው ከፍተኛው ድምፅ ከጣሪያው 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ እንዲል ካደረጉት በመሀል የሚያስደነግጥዎ ነገር አይኖርም።

ስለ መብራቱ ካነሡ፣ ኤች5 ሁለት፣ ታስካሙ ሦስት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ ይጎርሳሉ። ፋንተም ሲበራ ድንጋዩ የሚያልቅበት ፍጥነት እጅግ ይጨምራል። እኔ አንድ ጊዜ ከመንገድ ዳር ሱቅ የገዛኋቸውን ድንጋዮች አምኜ አንድ አዛውንት ስለ ልጅነታቸው ሲተርኩ እቀርጽ ነበር፤ እሳቸው ገና የአባታቸውን የበቅሎ ጉዞ ሳይጨርሱ መቅረጫው ጠፋ፣ እኔም ጆሮ ማዳመጫውን አውልቄ ስለነበር ያወቅሁት ካበቁ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ቻርጅ የሚደረጉትን ብቻ ነው የምጠቀመው። እነሱ 1.5 ሳይሆን 1.2 ቮልት ስለሆኑ በመቅረጫው ማውጫ ውስጥ የባትሪውን ዓይነት ካልመረጡለት ጠቋሚው የሚያሳየው የተሳሳተ ነው። ፓወርባንክም ይሠራል፤ ነገር ግን አንዳንዱ ፓወርባንክ መቅረጫው የሚስበው ጉልበት ሲያንስበት የተሰካ ነገር የለም ብሎ ራሱን ያጠፋል፤ ስለዚህ ለአንድ ሰዓት ያህል አስቀድመው ይፈትኑት።


የደርዳሪው ልጅ፣ መጋቢት 7

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቁጥሩ እንዲህ ተተንትኖ ሲቀርብ ነገሩ ገባኝ፤ ማይክ ልለውጥ ነው። ሁለት ነገር ልጨምር። ለትረካው ከስልክ ጋር የምጠቀምበት፣ ደረት ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክ አለኝ፤ መቅረጫው ላይ ይሠራ ይሆን? በተጨማሪም አባቴ አንዳንድ ጊዜ በደብሩ አዳራሽ ስለሚደረድሩ ከአዳራሹ ሚክሰር በቀጥታ መውሰድ ይቻላል ብለውኛል።


ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ መጋቢት 8

እኔ በዚህ በሜሪላንድ ሆኜ የሰንበት ትምህርት ቤታችንን ጉባኤ ለዓመታት ስቀርጽ ሁለቱም ነገሮች አስተምረውኛል።

የስልክ ማይክ ጫፉን ይመልከቱ። ሦስት ጥቁር ቀለበቶች ካሉት አራት መገናኛ ያለው የስልክ ዓይነት ነው፤ የመቅረጫና የካሜራ መሰኪያ ግን የሚጠብቀው ሁለት ቀለበት ያለውን ነው። እንዲሁ ቢሰኩት ድምፁ ወይ አይገባም ወይ ከሩቅ ጉድጓድ የመጣ ይመስላል። ከአራት ወደ ሦስት መገናኛ የሚለውጥ አጭር ኬብል ይሸጣል። ኤች5 ላይ የሚሰኩት አናቱ ላይ ከተገጠመው ማይክ ጎን ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ማይክ የሚበቃ አነስተኛ ቮልትም ትሰጣለች። ኤፍ3 እንዲህ ያለ የማይክ ቀዳዳ የለውም። ትንሹን ማይክ ቅርጹን ብቻ በሚለውጥ ርካሽ ማያያዣ ወደ ኤክስ ኤል አር አስገብተው 48 ቮልት እንዳይለቁበት ግን አደራ፤ ለጥቂት ቮልት የተሠራ ነው። ቮልቱን ጭምር የሚቀንስ ማያያዣ አለ፤ ሮድ ቪኤክስኤልአር ፕላስ የሚባለው 48ቱን ወደ 3 እና 5 ቮልት መካከል ያወርደዋል።

ሚክሰሩን በተመለከተ፣ ከሚክሰር የሚወጣው ላይን የሚባለው ብርቱ ምልክት ነው፤ ከማይክ ከሚመጣው በመቶዎች እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። እኔ በአንድ የትንሣኤ ሌሊት ኬብሉን አቀብሎኝ የሄደውን ልጅ ሳልጠይቅ፣ የመቅረጫዬ መግቢያ ለማይክ እንደተዘጋጀ ጌይኑን እስከ መጨረሻው ቀንሼ ተቀመጥኩ። በማግስቱ ስሰማው ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው እንደ ተቀደደ ስፒከር ይንኮሻኮሻል። ኤፍ3 ላይ መግቢያውን ከማይክ ወደ ላይን የሚለውጥ ምርጫ አለ። ኤች5 ላይ ደግሞ ምልክቱን 20 ዴሲቤል የሚቀንስ ማብሪያ አለ፤ ያም ካልበቃ ሚክሰሩ ላይ መውጫውን ዝቅ ማስደረግ ነው። ፋንተሙንም ያጥፉት።

ሌላው እምም የሚለው ድምፅ ነው። መቅረጫውና ሚክሰሩ ሁለቱም ከግድግዳ መብራት ሲያገኙ በመሬት መስመራቸው በኩል ክብ ይፈጠርና የመብራቱ ርግብግቢት ወደ ቀረጻው ይገባል፤ እዚህ አሜሪካ በ60፣ እናንተ ዘንድ በ50 ኸርዝ። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ መቅረጫውን በባትሪ ብቻ ማሠራት ነው። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ነኝ ስላሉ ለባትሪው መዘጋጀትዎ አይቀርምና ይህ በነፃ የሚያገኙት ጥቅም ነው።


ባለ ሚክሰሩ፣ መጋቢት 8

ሜዳ ቀራጭ ስለ ማይኩ ያሉት አሳምኖኛል፤ ጠያቂው ኮንደንሰር ከገዙ ኤች5 ይበቃቸዋል። ኤች5 እስከ 32 ጊጋባይት ካርድ ብቻ እንደሚቀበል ግን ይወቁ። ያ አያስቸግርዎትም፤ በ48 ኪሎኸርዝ 24 ቢት፣ ሁለት መስመር፣ አንድ ሰዓት ከአንድ ጊጋባይት ጥቂት ቢበልጥ ነው። በኤምፒ3 ግን በፍጹም አይቅረጹ፤ ያ ስልክዎ ያጠፋብዎት የእንዚራ ንዝረት በሌላ መንገድ ተመልሶ ይጠፋብዎታል።

አቀማመጡም እንደ ዕቃው ያህል ዋጋ አለው። ኮንደንሰሩን ከገበቴው (ከድምፅ ሣጥኑ) ፊት ለፊት፣ ወደ በርኩማው (አውታሮቹ ወደሚያርፉበት ድልድይ) አነጣጥረው ከ40 እስከ 50 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ያቁሙት። የተዋሱትን ኤስኤም58 ደግሞ አይመልሱት፤ ከአፋቸው አንድ ስንዝር ርቆ፣ ትንሽ ወደ ጎን ብሎ፣ በሁለተኛው መስመር ላይ ድምፃቸውን ይያዝ። ለዚህ ርቀት የተሠራ ስለሆነ ድካሙ ያን ያህል አይታወቅም። ሁለቱን በተለያየ መስመር ከያዙ በኋላ ማመዛዘኑን ቤትዎ ቁጭ ብለው ያደርጉታል።


የደርዳሪው ልጅ፣ መጋቢት 19

የሆነውን ልንገራችሁ። ዘመዴ ኤች5ንና ኤንቲ1-ኤን ይዞልኝ መጣ፤ ሁለቱንም ይዤ ትናንት ደብረ ብርሃን ገባሁ። ማይኩን ባለ ሚክሰሩ እንዳሉት በርኩማው ላይ አነጣጥሬ ጆሮ ማዳመጫውን ሳደርግ መጀመሪያ የሰማሁት በገናውን ሳይሆን በዚያ ቤት ስኖር ልብ ብዬው የማላውቀውን የግድግዳ ሰዓት ነው። ሰዓቱን ወደ ጓዳ ወሰድኩት፤ ማቀዝቀዣውን ነቀልኩት፤ አባቴ በግርምት እያዩኝ "ቤቱን ልታፈርሰው ነው?" አሉኝ። እሷም ተቀርጻለች፤ አላጠፋትም።

ሦስት መዝሙር ደረደሩልኝ። በሁለተኛው መጨረሻ ላይ ጣታቸውን ካነሡ በኋላ ወፍራሙ አውታር ብቻውን እየነዘረ ሲዘልቅ፣ ሲሳሳ፣ ከዚያም የጋቢያቸው እንቅስቃሴ ሲተካው ይሰማል። በሦስተኛው ላይ የጎረቤት አውራ ዶሮ ሁለት ቦታ ገብቶበታል። ዛሬ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ፣ ዶሮው ሳይነቃ፣ እንድንደግመው ተስማምተናል። ድንጋዮቹ አሁን ቻርጅ ላይ ናቸው፤ መብራቱም እስካሁን አለ።