ለልጅነቴ ማዘን አቃተኝ

የምኖረው ደሴ ነው። ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር በስልክ ሕክምና ጀምሬያለሁ፤ የምንሠራው ልጅነቴ ላይ ነው። አባቴ ቁጡ ነበር። የግቢው በር ሲንኳኳ አልጋ ሥር እገባ ነበር። አሁንም በር ጓ ሲል ትከሻዬ ይሸማቀቃል።

ባለሙያዋ ለዚያ ልጅ፣ ለትንሹ አንተ፣ ደብዳቤ ጻፍለት አለችኝ። "አይዞህ" ብዬ እጀምርና እጄ ይደርቃል። ባዶ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ አድርጌ እንዳናግረውም ሞከርን። ባሰ። "ምን ያልፈሰፍስሃል!" ብዬ ጮህኩበት። የአባቴ አነጋገር ነው፣ ቁርጥ እሱን።

እናቴ ቡና ላይ "ያለፈውን ምን ያስቆፍርሃል፣ ዱዓ አርግ" ትለኛለች። ዱዓውንም አልተውኩም፤ ወሎ ቡና ተፈልቶ ዱዓ መቼ ይቀራል። ሕክምናውንም ማቋረጥ አልፈልግም።

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ፣ ለልጁ ማዘን ሲገባችሁ ንዴት ሲመጣባችሁ ንዴቱን ምን አደረጋችሁት?