‹ሩፍናሜ›፣ ‹ገፋተር›፣ ‹ሪደምፕሽነር›ን በአማርኛ ምን እንበላቸው?

ፊደል ለቃሚ፦
የባለቤቴ ቅድመ አያቶች በ1740ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከራይን ወንዝ አካባቢ ተነሥተው ፊላዴልፊያ የወረዱ ጀርመኖች ናቸው። ልጆቻችን በእናታቸውም ወገን ሰባት ቤት እንዲቆጥሩ የዘር ሐረጉን በአማርኛ እየጻፍኩላቸው ነው። ከላይ ያሉት ሦስት ቃላት ግን አላላውስ አሉኝ። በተለይ የመጀመሪያው፤ አንዱ አባት ወንዶች ልጆቹን ሁሉ ዮሐን ጌኦርግ፣ ዮሐን ፔተር፣ ዮሐን ያኮብ እያለ ነው ያስጠመቀው።

ሰምና ወርቅ፦
‹ሩፍናሜ›ን ‹መጠሪያ ስም› ይበሉት። ፊት ያለው ‹ዮሐን› የጥምቀት ነው፤ እናቱ ከደጅ ስትጣራ ‹ፔተር!› ነው የምትለው። የክርስትና ስምና የዓለም ስም ከምንለው ጋር ይቀራረባል እንጂ አንድ አይደለም። የእኛ ወልደ ሚካኤል ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ብዙም አይጻፍም፤ የእነሱ ግን ሁለቱም ተያይዘው መዝገብ ይገባሉ። በመርከብ ዝርዝር ‹ዮሐን ፔተር› የተባለው ሰው ኋላ በግብርና በመሬት ሰነድ ላይ ፔተር ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ‹ዮሐነስ› ተብሎ ሙሉው ሲጻፍ ግን ብዙውን ጊዜ ራሱ መጠሪያ ነው። ‹ዮሐነስ›ን ከ‹ዮሐን ፔተር› ጋር ካምታቱ አንዱ ወንድም ከሐረጉ ጠፋ ማለት ነው።

ዛጎል፦
‹ገፋተር› እኮ አበልጅ ነው! ሌላ ቃል አያስፈልገውም። የዛሬው እንግሊዝኛ በወላጅና በክርስትና አባት መካከል ላለው ዝምድና የተለመደ ስም ስለሌለው ብዙዎች ‹ክርስትና አባት› ብለው ያልፉታል። ጀርመንኛና አማርኛ ግን ዝምድናውን ራሱን ሰይመውታል፤ እኔ ይህን ሳይ ደስ ይለኛል።

ለፍለጋውም ይጠቅማል። አበልጅ የሚመረጠው ከዘመድ ወይም ከሚታመን ጎረቤት ነው፤ ሕፃኑም ብዙ ጊዜ የክርስትና አባቱን ስም ይወስዳል። የአንድ መንደር ሰዎች አብረው ተሰድደው ጎን ለጎን የሰፈሩበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ስለዚህ ፔንስልቬንያ ውስጥ ልጅ ያስጠመቀው አባት የትውልድ መንደሩ ካልታወቀ የአበልጁን መንደር ይፈልጉ፤ እዚያ ባለው የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ሁለቱም ቤተሰቦች ሊገኙ ይችላሉ። ደግሞ ‹ሙለሪን› የምትባል ሴት ካጋጠመችዎ የቤተሰቧ ስም ሙለር ነው፤ ‹ኢን› የሴት ምልክት ናት።

ነገር አዋቂ፦
‹ሪደምፕሽነር›ን ‹ተዋጅ› ያለ ሰው አይቻለሁ፤ ለእኔ የስብከት ቃል ሆነብኝ። ‹ጉልበቱን አስይዞ የተጓዘ› ቢባል ነገሩን ይገልጻል። መንገደኛው የመርከብ ዋጋውን ሳይከፍል ይሳፈራል፤ ፊላዴልፊያ ሲደርስ አንድ ገበሬ ወይም የእጅ ባለሙያ ለካፒቴኑ ይከፍልለትና በውል ለዓመታት ያሠራዋል። ብዙ ልጆች 21 ዓመት እስኪሞላቸው ያገለግሉ ነበር። ‹ባሪያ› ግን በፍጹም አይበሉ። ውሉ ማብቂያ ነበረው፤ በዚያው ምድር በባርነት የተያዙት አፍሪካውያን ግን ባርነቱ ለልጆቻቸውም ይተርፍ ነበር። ልዩነቱ ለሰፋሪዎቹም ግልጽ ነበር፤ በ1688 ፊላዴልፊያ አጠገብ ባለችው ጀርመንታውን ፓስቶሪየስ የተባለ ጀርመናዊ ሰፋሪና ሦስት ጓደኞቹ ባርነትን በጽሑፍ ተቃውመዋል።

በመዝገቦቹ ‹ፓላታይን› የሚልም ያገኛሉ። ሁሉም የፓላቲኔት (በራይን ወንዝ አካባቢ ያለ የጀርመን ግዛት) ተወላጅ እንዳይመስልዎ። ከቩርተምበርግም፣ ከአልዛስም፣ ከስዊዘርላንድም የመጣውን በዚያ ስም ይጠሩት ነበር፤ እኛ ‹ፈረንጅ› እንደምንለው።

ፊደል ለቃሚ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ‹አበልጅ›ን ወስጃለሁ፤ እናቴም ያለ ማብራሪያ ትረዳዋለች። አንድ ነገር ቀረኝ። ከ1727 ጀምሮ ፔንስልቬንያ የገቡ፣ 16 ዓመት የሞላቸው ጀርመን ወንዶች ለእንግሊዝ ንጉሥ ታማኝነታቸውን እያረጋገጡ ይፈርሙ ነበር። የእኛ ሰው መጻፍ ስለማይችል ምልክት ብቻ አድርጓል፤ ጸሐፊው ‹ጺመርማን› ብሎታል። የልጅ ልጆቹ ደግሞ ‹ካርፔንተር› ሆነዋል። የትኛውን ልጻፍ?

ሰምና ወርቅ፦
ሁለቱንም፣ የተለወጠበትን ትውልድ ጠቅሰው። ትርጉሙ በሁለቱም ‹አናጢ› ስለሆነ አንድ ጊዜ በቅንፍ ያስገቡት፤ ሐረጉ ውስጥ ግን ‹አናጢ› ብለው አይተርጉሙት፤ ልጆቹ መዝገብ ሲፈልጉ የሚያገኙት በተጻፈበት ስም ነው።