ነገ ማታ በረዶ ይጥላል፣ የሞተሬ ዘይት ነጭ ሆኗል፤ አሁን ልቀይር ወይስ ሚያዝያ ድረስ ልተወው?

የሚኒያፖሊሱ (ጠያቂ)፦
ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ሞተር ሳይክሌን ነገ ከሰዓት ጋራዥ አስገብቼ እስከ ሚያዝያ ላቆማት ነው። ማታ በረዶ ይጥላል ተብሏል። መንገዱ ላይ ጨው ከተበተነ በኋላ ላወጣት አልፈልግም። አሁን የዘይቱን ክዳን ስከፍት ውስጡ ላይ ነጣ ያለ ነገር ተለጥፎበታል፣ የማኪያቶ አረፋ ነው የሚመስለው። ዘይቱን የቀየርኩት ሰመር ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራ ደርሶ መመለስ ብቻ ነው፣ ቅርብ ነው። አሁን ልቀይር ወይስ ከርማ ሚያዝያ ላይ ልቀይርላት? ደግሞ ለመኪናዬ የገዛሁት ዜሮ ደብሊው 20 የሚባል ዘይት ቤት አለ፣ እሱ ይሆናል? ሱቁ ሊዘጋ ነው።

የቃሊቲው፦
ምን ሞተር ናት? ስንት ሲሲ? ራዲያተር አላት የላትም? ይሄን ሳትነግረን ምን እንበልህ ወንድሜ።

ዳላስ በሁለት ጎማ፦
ማኪያቶ ከሆነማ ስኳር ጨምርበት። ለምን ታቆማታለህ ግን? ወደኛ ና፣ እዚህ ታኅሣሥም ይነዳል።

ፉል ታንከር፦
ዘይቱን ተወው፣ ነዳጁን አስብ። ታንከሩን ፉል ሙላና ስታቢላይዘር (ቤንዚኑ ቶሎ እንዳያረጅ የሚያደርግ ፈሳሽ) ጨምርበት። ከርሞ ሞተር የሚያስቸግረው ያረጀ ቤንዚን ነው።

ጋሽ መካኒክ፦
ልጆች፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ቤንዚን ሲቃጠል ውሃ ይወጣዋል። ብዙ ሰው አያምንም፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ተቃጥሎ የሚወጣው ውሃ ግን ወደ አንድ ሊትር ይጠጋል። አብዛኛው እንፋሎት ሆኖ በማርሚታ ይሄዳል። ጥቂቱ በፒስተኑ ፋሻ ሾልኮ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ሞተሩ በደንብ ሲግል ያ ውሃ ተንኖ ይወጣል። አጭር መንገድ ብቻ የሚነዳ ሰው ግን ሞተሩ ሳይግል ያጠፋዋል። ውሃው እዚያው ይቀርና ከዘይቱ ጋር እየተመታ ይነጣል። በብርድ ጊዜ ደግሞ ይብሳል።

ከውሃው ጋር አሲድም አለ። ዘይቱ ውስጥ የአሲዱን ጉልበት የሚሰብር ኬሚካል ይጨመራል፣ ሲነዳ እያለቀ ይሄዳል። እንግዲህ በአሮጌ ዘይት የቆመች ሞተር ኩሽኔታዋ ወራቱን በእርጥበትና በአሲድ ነው የሚከርመው። ስለዚህ መጀመሪያ ቀይር፣ ከዚያ አቁም። በቬስፓ ዘመን ይሄ ጣጣ አልነበረም፤ የሞተሩ ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ፣ ተቃጥሎ ይሄድ ነበር። ጭሱ ግን ሰፈሩን ያለብስ ነበር።

የስቶክሆልሟ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። እኔ ሁልጊዜ የምቀይረው ብርዱ ሲያልቅ ነው። አዲሱ ዘይት ወራት ሙሉ ቆሞ እርጥበት ከሚሰበስብ፣ ወቅቱን በትኩስ ዘይት መጀመር አይሻልም? ሁለት ጊዜ ገንዘብ ማውጣትስ ምን ይሉታል?

ጋሽ መካኒክ፦
ልጄ፣ ሁለቴ ማን አወጣ? አሁን የጨመረውን ዘይት ሚያዝያ ላይ ይነዳበታል። ውሃውን የሚያመጣው ሞተሩን ማስነሳት ነው። ሳይነሳ የቆመ ሞተር ውስጥ የሚገባው እርጥበት ትንሽ ነው። ንጹህ ዘይት ደግሞ በአምስት ወር አይበላሽም።

የሚኒያፖሊሱ (ጠያቂ)፦
ሆንዳ ሲቢ 500 ኤክስ፣ 2019። ራዲያተር አላት። ዘይቱ እንዲሞቅ አሁን ጋራዥ ውስጥ አስነስቻታለሁ፣ ቀዝቃዛ ስለሆነ በሩን ዘግቻለሁ።

የቃሊቲው፦
አጥፋ! አሁኑኑ አጥፋና በሩን ወለል አድርገህ ክፈት፣ አንተም ውጣ። በከሰል ጭስ ሰው የሚሞትበት ጋዝ ይሄው ነው፣ ሽታ የለውም። መልስልኝ።

የሚኒያፖሊሱ (ጠያቂ)፦
አጥፍቻለሁ። ውጭ ነኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የቃሊቲው፦
ተመስገን። አሁን እንነጋገር። ሁሉም ስለ ወር ይከራከራል፣ የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ያ ነጭ ነገር ከየት መጣ? ራዲያተር የሌላት ሞተር ብትሆን ጋሼ ያሉት ነው ብዬ እዘጋው ነበር። ያንተ ግን ኩላንት፣ ማለት ሞተሩን የሚያቀዘቅዝ ፈሳሽ፣ አላት። የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋስኬት ወይም የውሃ ፓምፕ ማኅተም ካስተላለፈ ኩላንቱ ዘይት ውስጥ ሊገባ ይችላል። ያ ሲሆን ዘይት መቀየር መፍትሔ አይደለም።

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የኩላንቱን ትርፍ ጠርሙስ እይ። ሁለት መስመር አለው፣ በሁለቱ መካከል መሆን አለበት። ራዲያተሩን ግን በሙቀቱ እንዳትከፍት። ኩላንቱ ከጎደለ፣ ሞተሩ ይግል ከነበረ፣ ወይም ሙቅ ሆኖም በማርሚታ ነጭ ጭስ የማያቋርጥ ከሆነ መካኒክ ይያት። ነጩ ነገር ክዳኑ ላይ ብቻ ሆኖ ታች ያለው ዘይት ንጹህ ከሆነ ግን የአጭር መንገድ ውሃ ነው፣ አትደንግጥ።

ካልጋሪ፦
የመኪናውን ዘይት እንዳትጨምር! እስካሁን ማንም አልመለሰልህም። የሞተርህ ፍሪሲዮን የሚሠራው እዚያው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። ለመኪና የሚሸጠው ዜሮ ደብሊው 20 ነዳጅ እንዲቆጥብ ተብሎ ማለስለሻ ስለሚገባበት ፍሪሲዮኑን ሊያንሸራትት ይችላል። ከዚህም በላይ በጣም ቀጭን ነው። ያንተ ሞተር የምትፈልገው 10 ደብሊው 30 ነው፣ ጠርሙሱ ላይ ጃሶ ኤምኤ የሚል ይኑረው፣ ዘይት ውስጥ ለሚነከር ፍሪሲዮን እንደሚስማማ የሚያሳይ ምልክት ነው። ከፊልትሮው ጋር ስትቀይር 2.7 ሊትር ያህል ትወስዳለች፣ 3 ኳርት ከገዛህ ይበቃሃል። ፊልትሮውንም አብረህ ግዛ፣ ግማሽ ሥራ አትሥራ።

ነገ በረዶው ሳይጀምር ግማሽ ሰዓት ያህል በደህና ፍጥነት ንዳት። ቆሞ ማስነሳት ብቻውን አያግላትም። ስትመለስ ዘይቱ ትኩስ እያለ አፍስሰው፣ ቆሻሻው ሳይዘቅጥ አብሮ ይወጣል። ጓንት አድርግ፣ ያቃጥላል። አዲሱን ከጨመርክ በኋላ በሩ ተከፍቶ ለጥቂት ደቂቃ አስነሳት፣ ዘይቱ ሁሉም ጋ ይድረስ። አጥፍተህ ትንሽ ቆይና ልኩን እይ። ከዚያ በኋላ እስከ ሚያዝያ አትንካት። «እንዳትሞት» እያሉ በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ የሚያስነሱ ሰዎች አሉ። የሚያተርፉት አዲስ ውሃ ብቻ ነው።

ፉል ታንከር፦
ስታቢላይዘሩን ዛሬ ማታ ጨምር ግን። ነገ ስትነዳ እስከ መርጫዎቹ ይደርሳል።

ካልጋሪ፦
ይሄ እውነቱን ነው። ባትሪውንም አትርሳ። የደከመ ባትሪ በናንተ ብርድ ውሃው በረዶ ይሆናል፣ ባትሪው ይሰነጠቃል። ወይ ፈትተህ ቤት አስገባ፣ ወይ ሲሞላ ራሱ የሚያቆም ቻርጀር ላይ ሰክተህ ተወው።

ዳላስ በሁለት ጎማ፦
ማርሚታውን በጨርቅ ድፈነው፣ አይጥ ጎጆ ይሠራበታል። ቀልድ አይደለም። ስታስነሳ ማውጣትህን ብቻ አትርሳ።

የሚኒያፖሊሱ (ጠያቂ)፦
ዘይትና ፊልትሮውን ገዝቻለሁ፣ ሱቁን በሩ ላይ ደረስኩበት። ኩላንቱን አየሁት፣ ከታችኛው መስመር ትንሽ ከፍ ይላል። ሰመር ላይ የት እንደነበር ግን አላየሁትም።

የቃሊቲው፦
አሁን ያለበት ላይ ፕላስተር ለጥፍ። ነገ ነድተህ ስትመለስ ዘይቱን አፍስስ። ሲቀዘቅዝ ኩላንቱን አመሳክር። ካፈሰስከው አሮጌ ዘይት ጥቂቱን ውስጡ በሚታይ ጠርሙስ ቅዳና አሳድረው። ኩላንት በብዛት ገብቶ ከሆነ ጠዋት ከታች ተለይቶ ታየዋለህ። የቀረውን መሬት ላይ እንዳትደፋ። የመኪና ዕቃ የሚሸጡ ትልልቅ ሱቆች ብዙዎቹ አሮጌ ዘይት በነጻ ይቀበላሉ፣ ከኩላንት ጋር ካልተቀላቀለ።

የስቶክሆልሟ፦
ነጭ ከሆነስ እኔም አሁን እቀይር ነበር። ስንከራከር የነበረው ስለ ጤነኛ ዘይት ነው።

ጋሽ መካኒክ፦
ጤነኛ መሆኑን በዓይን አታውቂውም ልጄ። አሲዱ አይታይም።

የስቶክሆልሟ፦
እሺ ጋሼ፣ ዘንድሮ በእርሶ እሞክራለሁ።

ካልጋሪ፦
የሚኒያፖሊሱ፣ ጠርሙሱ ምን አሳየህ? የኩላንቱስ ፕላስተር?

ቦክሰር አዲስ፦
እሱ እስኪመልስ እኔ ልጠይቅ። ባጃጅ ቦክሰር አለኝ፣ አዲስ አበባ። ለአራት ወር ከአገር ልወጣ ነው። እኔ ጋ በረዶ የለም፣ የኔም ዘይት መቀየር አለበት?

የቃሊቲው፦
አዎ፣ ከተነዳበት ቀይረህ ሂድ። ያንተ በአየር የምትቀዘቅዝ ስለሆነች የኩላንት ጭንቀት የለብህም። ካርቡራቶር ስላላት ግን የቤንዚኑን ቧንቧ ዝጋና በራሷ እስክትጠፋ አስነሳት፣ ካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን አይደር። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ። ቁልፉን ለጎረቤት ከሰጠህ ደግሞ «እያስነሳህ ጠብቅልኝ» እንዳትለው።