ከመንገደኛ አውሮፕላን ወደ አየር አምቡላንስ ሄሊኮፕተር፦ ጥገናው እንዴት ነው ፕላን የሚደረገው?

ባለሃንጋሩ፦
ሰላም ወገኖች። አዲስ አበባ እያለሁ የመንገደኛ አውሮፕላን ጥገና ፕላኒንግ ላይ ነበርኩ። አሁን ጀርመን አገር የአየር አምቡላንስ ሄሊኮፕተሮችን የበረራ ብቁነት የሚከታተል ክፍል ልገባ ነው፣ እዚህ ካሞ የሚሉት። ማሽኖቹ ኤች135 እና ኤች145 ናቸው። አውሮፕላን ላይ የበረራው ፕሮግራም ቀድሞ ስለሚታወቅ ቼኩ የሚደርስበትን ቀን አስልተህ ሃንጋር ትይዛለህ። እነዚህ ግን ስልክ ሲጮህ ነው የሚነሱት፤ ዛሬ አንዴ፣ ነገ ስድስት ጊዜ። ታዲያ ምኑን ይዤ ነው የማቅደው? ላይሰንሴም ቢ1.1 (የተርባይን አውሮፕላን ጥገና ፈቃድ) ነው፣ ያስቸግረኝ ይሆን?

ሮተር_ፍራንክፈርት፦
እንኳን ደስ አለህ! ላይሰንሱ አያስጨንቅህ። ካሞ ይከታተላል፣ ያዛል እንጂ ጥገናውን ሠርቶ የሚፈርመው ፓርት 145 የሚባለው ፈቃድ ያለው የጥገና ድርጅት ነው። ራሴ ሄሊኮፕተር ላይ ልፈርም ካልክ ግን የተርባይን ሄሊኮፕተሩን ፈቃድ፣ ቢ1.3ን፣ ማውጣት አለብህ።

ዋናው ነገር፣ ሰዓት ብቻ አትቁጠር። ቦታው ደርሶ ያርፋል፣ ሞተር ይጠፋል፣ በሽተኛው ይጫናል፣ ሆስፒታል ሲደርስ እንደገና ይጠፋል፣ ከዚያ ወደ ቤዝ ለመመለስ ደግሞ ይነሳል። አንድ ጥሪ ሦስት ማስነሳት ሊሆን ይችላል፣ የበረራው ሰዓት ግን ትንሽ ናት። ስለዚህ ሳይክሉ (ሞተሩ ተነስቶ የጠፋበት ብዛት) ሰዓቱን ቀድሞት ይሄዳል። የኤች145ቱ አሪየል ሞተር ላይ ደግሞ የሁለቱ ክፍሎቹ፣ የጋዝ ጀነሬተሩና የፓወር ተርባይኑ፣ ሳይክል ለየብቻ ነው የሚቆጠረው። የኦክሲጅን ጠርሙስ ምርመራን የመሰለው ደግሞ በረረም አልበረረም በቀን መቁጠሪያ ይደርሳል። የትኛው ቀድሞ እንደሚደርስ በየቀኑ እያየህ ነው የምታቅደው።

አብዛኛው የጀርመን ጣቢያ የሚሠራው ቀን ቀን ስለሆነ ትንንሹ ምርመራ ማታ እዚያው ቤዝ ያልቃል። ትልቁ ሲመጣ ስፔር (ተጠባባቂ) ሄሊኮፕተር ትልክና ዋናውን ታስገባለህ።

ታታሪው፦
ይህን ያህል ማካበድ አያስፈልግም። የጥገና ፕሮግራሙ 10 በመቶ ቶለራንስ (ከገደቡ ማሳለፊያ) ካለው በእሱ ተጫወት፣ ጥሪ ሲበዛ ታሳልፈዋለህ።

ሮተር_ፍራንክፈርት፦
ወንድሜ ይቺን አላልፋትም። ቶለራንስ ድንገት ለሚመጣ ነገር ነው እንጂ ቀድመህ ልታቅድበት አይደለም። የዕድሜ ገደብ ያለበት ዕቃና ኤዲ (የአቪዬሽን ባለሥልጣን አስገዳጅ ትእዛዝ) ላይማ ጭራሽ አይሠራም፣ ደረሰ ማለት ደረሰ ነው።

እህተ_ለንደን፦
እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው ፕላንህ ውስጥ የሌለውን ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2018 ሌስተር ላይ ኤደብልዩ169 የሚባል ሄሊኮፕተር ወድቆ አምስት ሰው ሞተ፣ መንስኤው የጅራት ሮተሩ ቤሪንግ መበላሸት ነበር። በቀጣዩ ወር ይህ ዓይነት ሄሊኮፕተር በሙሉ ጅራቱ እንዲፈተሽ አስቸኳይ ትእዛዝ ወጣ። ያንኑ ማሽን የሚያበሩ የእንግሊዝ አየር አምቡላንሶችም ነበሩ። እንዲህ ያለ ቀን የሚያድንህ መዝገብህ ነው፤ የትኛው ሴሪያል ቁጥር የትኛው ማሽን ላይ እንዳለ ወዲያው መመለስ ካልቻልክ ሁሉንም ማቆምህ ነው።

ሐኪሞቹንም በዓይንህ ያዛቸው (ጎበዞች ናቸው፣ ግን!)። አዲስ ቬንቲሌተር አምጥተው ግድግዳው ላይ ማሰር ይወዳሉ። ማሰሪያው የጸደቀ ካልሆነ ማሽኑ ብቁ አይደለም፣ ክብደቱና ሚዛኑም እንደገና ይሰላል።

ባለሃንጋሩ፦
በጣም ነው የማመሰግነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ስፔሩ ራሱ ጥገና ላይ እያለ ዋናው ቢበላሽስ?

እህተ_ለንደን፦
ጣቢያው ከአገልግሎት ውጭ መሆኑን ለጥሪ ማዕከሉ ትነግራለህ፣ እነሱ የጎረቤት ጣቢያ ሄሊኮፕተር ወይም መኪና ይልካሉ። ብልሽቱ ኤምኢኤል (ተበላሽተውም መብረር የሚቻልባቸው ዕቃዎች ዝርዝር) ላይ ካለና ምድቡ ሲ ከሆነ ለማስጠገን 10 ቀን አለህ፣ ቢ ከሆነ 3 ቀን። ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ግን አይነሳም። «ሕፃን ሊሞት ነው» ብለው ይደውሉልሃል፣ መልስህ ያው ነው። ለዚህ ነው የሁለቱን ቼክ አንድ ሳምንት ላይ እንዳይገጥም ከወዲሁ ማራራቅ ያለብህ።